ፖላራይዝ አንኮበር የገባ ዕለት

እንግሊዝኛ ማስተማር ክፍል ውስጥ ተጀምሮ ክፍል ውስጥ የሚያልቅ ሥራ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ደብረ ብርሃን መጥታችሁ አንድ ሳምንት ከእኔ ጋር ብትውሉ ሐሳባችሁን ትቀይራላችሁ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ጎረቤቴ የመድኃኒት ካርቶን ይዘው አጥሩ ላይ ይጠብቁኛል። ከሰዓት ስመለስ ባለሱቁ የአረም ማጥፊያ ጠርሙስ እያወዛወዘ ይጠራኛል። በመሀል የአዲስ ቴሌቪዥን መመሪያ አለ፣ ስልክ ላይ የገባ መልእክት አለ፣ ኤምባሲ የላከው ደብዳቤ አለ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸውን የፀጉር ቅባት አምጥተው «ምን ይላል?» አሉኝ። አንብቤ፣ «ለደረቅና ለተሰባበረ ፀጉር ይላል» ብላቸው፣ «የማንን ፀጉር ነው ደረቅ የሚለው?» ብለው ሁለት ወር ሙሉ አኮረፉኝ። የተናገረው ጠርሙሱ፣ የተኮረፍኩት እኔ።

ቃላቱ ራሳቸውም አርፈው የሚቀመጡ አይደሉም። አንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አገራችን የሚገባው በመጽሐፍ ሳይሆን በወሬ ነው። ማንም አልጠራውም፤ አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ቤት ስትገቡ ከእናንተ ቀድሞ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከተማችን ውስጥ እንዲህ ሆኖ የተገኘው «ፖላራይዝ» የሚሉት ቃል ነው። ሬዲዮው ይለዋል፤ ስልክ ላይ የአገር ጉዳይ የሚተነትኑት ሰዎች ይሉታል፤ ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣ ሰው ሁለቴ ሳይለው አይቀመጥም። ትርጉሙ ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ጉዳይ ሰውን ለሁለት ከፍሎ አንዱን እዚህ ጫፍ፣ ሌላውን እዚያ ጫፍ አቁሞ መሀሉን ባዶ ሲያስቀረው፣ ፈረንጅ «ጉዳዩ ሰዉን ፖላራይዝ አደረገው» ይላል። እኛ «ጎራ አስለየ» እያልን ስንግባባ ኖረናል፤ አሁን ግን ጎራችን ያነሰን ይመስላል። ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ልጅ እንኳ በቀደም መቀሱን ጆሮዬ ሥር እያንቀጫቀጨ፣ «መምህር፣ በሕፃኑ ስም ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ፖላራይዝ ሆነናል» ሲለኝ፣ ቃሉ የቀበሌ መታወቂያ እንደወጣለት ገባኝ። አጠቃቀሙ ትክክል ስለነበር በልቤ ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

እኔ ግን ላጫውታችሁ የተነሣሁት ይህ ቃል ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ አንኮበርን አልፎ፣ እናቴ አገር ድረስ ወርዶ ስላደረገው ነገር ነው።

የእናቴ አገር ከአንኮበር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ቁልቁል ያስኬዳል። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር የሚባሉ ሁለት መንደሮች አሉት። በመካከላቸው ያለው ዳገት ለወጣት እግር ሃያ ደቂቃ ሲሆን ለእኔ እግር ሦስት ዕረፍት ነው። ሁለቱ መንደሮች በአንድ ገብርኤል ያስቀድሳሉ፣ በአንድ ዕድር ይቀባበራሉ፣ ይጋባሉ፣ ይዋለዳሉ። ታዲያ ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ አንድ ድርጅት መጣና ከመንደሮቹ በላይ ካለው ተራራ ሥር ከሚወጣው ምንጭ ውሃ በቧንቧ ስቤ ቦኖ እሠራላችኋለሁ አለ። እልል ተባለ። ቀጥሎ ደግሞ ያለው ቧንቧ የሚበቃው ለአንድ ቦኖ ብቻ ነው አለ። እልልታው እዚያው ላይ ቆመ።

ላይ ሰፈሮች፣ «እኛ ጋ ይሁን፤ ታችኞቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው ወጥተው ሞልተው ቁልቁል ይወርዳሉ። እኛ ወርደን፣ ሞልተን፣ ዳገት እንውጣ?» አሉ። ታች ሰፈሮች ደግሞ፣ «ምንጩ ከጥንትም የሚፈስሰው ወደ እኛ ነው፤ ላይ ከተጠለፈ ከብቶቻችን ምን ይጠጣሉ?» አሉ። እናንተ ብትሆኑ ለማን ትፈርዳላችሁ? እኔ ሁለት ዓመት አስቤበት አልፈረድኩም። አንደኛው ወገን ቢዋሽ ነገሩ ቀላል ነበር፤ መከራው ሁለቱም እውነት መያዛቸው ነው።

የላይ ሰፈሩ ተናጋሪ አቶ ዘውዴ ናቸው፤ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ከዘራቸውን መሬት ላይ እንደ አራት ነጥብ የሚተክሉ ሰው። የታች ሰፈሯ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። እሳቸው ከዘራ አያስፈልጋቸውም፤ ድምፃቸው ብቻውን ይተከላል። ነገሩን የከፋ ያደረገው ደግሞ ሁለቱ አማቾች መሆናቸው ነው። የወይዘሮ አስካለ ልጅ ብርቄ የአቶ ዘውዴን ልጅ አግብታ፣ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ይህ የቦኖ ጠብ በጦፈበት ወራት ነበር። የሕፃኗ ክርስትና ድግስ አቶ ዘውዴ ቤት ተደገሰ። ወይዘሮ አስካለ ቤተ ክርስቲያን መጡ፣ ልጅቱን ሳሟት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ታች ሰፈር ወረዱ። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ እህል ሳይቀምሱ! በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አማቾች ሰላምታቸውን እንኳ የሚለዋወጡት በሰው በኩል ሆነ። ብርቄ ልጇን አዝላ አንድ ቀን ሽቅብ አንድ ቀን ቁልቁል፣ እንደ መልእክተኛ ከረመች።

ባለፈው መስከረም ከድርጅቱ አንድ ባለሙያ መጥቶ የሰዉን ሐሳብ ጠየቀ፤ ጻፈ፤ በካርታው ላይ ሁለት ቀይ ነጥብ አደረገ፣ አንድ ላይ አንድ ታች፤ ሄደ። ከዚያ ዝም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ የገብርኤል አስተዳዳሪው ቄስ ወልደ ሰንበት ስልክ ደወሉልኝ።

«መምህር፣ ደብዳቤ መጥቷል። ባለ ማኅተም ነው። ግን በእንግሊዝኛ ነው የጻፉት።»

«የአማርኛው የለም አባታችን?»

«ይከተላል ብለዋል። እስካሁን አልተከተለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን ሰንበቴ ቤት ሰብስቤ እጠብቅሃለሁ፤ አደራ።»

ይህን ለባልደረባዬ ለመምህር ሰይፉ ስነግረው አብሬህ ካልሄድኩ አለ። ሰይፉ ፊዚክስ አስተማሪ ነው። የአረርቲ፣ የቆላ ልጅ ስለሆነ ደብረ ብርሃን ከመጣ ጀምሮ ሁለት ሹራብ ደርቦ በላዩ ጋቢ ይለብሳል። አንኮበርን አይቶ አያውቅም። ልቡ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ አንድ ነገር ሳያብራራ ማለፍ አለመቻሉ ብቻ ነው። ሻይ በረደብኝ ብትሉት ለምን እንደበረደባችሁ ይነግራችኋል፤ ሌላ ሻይ አያዝላችሁም።

እሑድ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረን አንኮበር ደረስን፤ ከዚያ በእግራችን ቁልቁል ወረድን። መንደሩ አፋፍ ላይ ስንደርስ የአክስቴ ባል ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው እንደተሰበረ ሰማሁ። እንግዲህ ምን ይደረጋል? የተሰበረ ሰው ቤት ደጃፍ አልፎ ስብሰባ መሄድ አይሆንም። ሰይፉን ከአንድ የመንደር ሰው ጋር አገናኝቼ፣ «አንተ ቅደም፤ መምህሩ እየመጣ ነው በላቸው። እስከዚያ አጫውታቸው» ብዬ ሰደድኩት። ሰይፉን አጫውታቸው ማለቴ የዕለቱ የመጀመሪያው ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት አክስቴ ቤት መግባቴ ነው፤ እዚያ ቤት የገባ ሰው በሁለት እግሩ የሚወጣው ሦስት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ነው። ሽሮው በቅቤ መጣ፣ ጠላው ተቀዳ፣ የወደቁትም ሰውዬ በቅሎዋ እንዴት አድርጋ እንደጣለቻቸው ከመጀመሪያው ጀምረው ተረኩልኝ። ገና በቅሎዋን እየጫኑ ሳሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል እልልታ ተሰማ። የአንድ ሴት አይደለም፤ ሦስት አራት አፍ የሚያወጣው ዓይነት። አክስቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች።

«ዛሬ የማን ሠርግ ነው?» አለች።

ሠርግ አልነበረም። በጥድፊያ ሰንበቴ ቤት ስደርስ ያየሁትን ዓይኔ አላመነም። አቶ ዘውዴና ወይዘሮ አስካለ ፊት ለፊት ቆመዋል። ሰዉ ከቧቸዋል። ሁለቱም እንደ ወትሮው ይጮኻሉ። የሚጮኹትን ነገር ግን ልብ ብላችሁ ስሙልኝ።

«ቦኖው እናንተ ደጅ ይሁን ብያለሁ፣ ይሁን!» ይላሉ አቶ ዘውዴ፣ ከዘራው ተተከለ።

«አይሆንም! ላይ ነው የሚሆነው! የእናንተ ሴቶች ሞልተው ዳገት ሊወጡ ነው? እኛ ክርስቲያን አይደለንም?»

«ከብቶቻችሁስ? ከብቶቻችሁ ምን በደሉ?»

«ከብቶቹን ለእኔ ይተዉልኝ! ላይ ይሁን አልኩ እኮ፣ አቶ ዘውዴ!»

ወይዘሮ አስካለ በአንድ ዓመት ውስጥ ስማቸውን ሲጠሩ ያን ቀን መጀመሪያቸው ነው። ብርቄ ልጇን አቅፋ ጥግ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ትስቃለችም። ሰይፉ ደግሞ በመሀል ወንበር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እንደ ሙሽራው አባት ተሞግሶ ተቀምጧል። ደብዳቤው ጉልበቱ ላይ ነው። ጠጋ ብዬ አነሣሁት።

የመጀመሪያው አንቀጽ የቦኖው ቦታ ጉዳይ ማኅበረሰቡን ፖላራይዝ አድርጎታል ይላል። ሁለተኛው አንቀጽ፣ በዚህ ምክንያት ሥራው ለጊዜው መቆሙን፣ ሁለቱ ሰፈሮች ተስማምተው የፈረሙበት ቃለ ጉባኤ እስከ የካቲት መጨረሻ ካልደረሰ ግን ቧንቧው ወደ ሌላ ቀበሌ እንደሚሄድ ይናገራል። ሁለቴ አነበብኩት። የሰይፉን ክንድ ይዤ ወደ ውጭ፣ ወይራው ሥር ጎተትኩት።

«ምን ብለህ ነው ያነበብክላቸው?»

«እንደተጻፈው ነዋ! አንተ ቆየህ፣ ቄሱም እስቲ አንብብልን አሉኝ። ‹የቦኖው ጉዳይ ያካባቢውን ሰው ሐሳብ በአንድ አቅጣጫ አሰልፎታል› አልኳቸው። እልል አሉ። ሁለተኛውን አንቀጽ ማን ያስነብበኝ፤ እልልታው ዋጠው።»

«ሰይፉ፣ ፖላራይዝ ማለት ለሁለት መከፈል ነው!»

ሰይፉ እንደ አንድ ደካማ ተማሪ አየኝ። «ብርሃን ከምንጩ ሲወጣ» አለ፣ «በየአቅጣጫው ነው የሚርገበገበው፤ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ፣ አግድም። ፖላራይዝ ስታደርገው ያ ሁሉ ይቀርና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይርገበገባል። በአንድ! ስንት ዓመት ነው ይህን ያስተማርኩት? ያ ዓሣ አጥማጆች የሚያደርጉት መነጽር እንኳ...»

«ደብዳቤው የተጻፈው ስለ ብርሃን አይደለማ!»

«ቃሉ ግን ያው ቃል ነው።»

በነገራችን ላይ እውነቱን ነበር። ቆይቼ እንዳየሁት በእሱ መጽሐፍ ቃሉ በትክክል እንዳለው ነው። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ፖላራይዝ የሆነ ነገር አንድ መንገድ የያዘ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ፖላራይዝ የሆነ ሰው ግን ከጎረቤቱ ጋር መንገድ የተለያየ ነው። አንድ ቃል ላቦራቶሪ ሲገባ አስታርቆ፣ ገበያ ሲወጣ አጣልቶ ያድራል። እኔ በሙያዬ ሃያ ዓመት ስቆይ ይህን ሳላስተውል ኖሬአለሁ፤ ያን ዕለት ወይራው ሥር ቆሜ ግን የማስተዋል ጊዜ አልነበረኝም። ውስጥ ያለው ሰው የታረቀው በሌለ ነገር ነው። አቶ ዘውዴ የደብዳቤውን ቃል ሲሰሙ፣ ታችኞቹ ለባለሙያው «ላይ ይሁንላቸው» ብለው ኖሯል፣ ይህን ያህል ደግ ሰዎችን ነው የተቀየምኩት ብለው አፈሩና «አይ፣ ታች ይሁን» አሉ። ወይዘሮ አስካለም በበኩላቸው ያንኑ አሰቡ፣ ያንኑ አፈሩ፣ «አይ፣ ላይ ይሁን» አሉ። ሁለቱም ለሌላው ተሸነፉ፤ ሌላው ግን አልተሸነፈም ነበር።

ምን ላድርግ? ዝም ብል ዕርቁ ይቆያል። ግን ቃለ ጉባኤው ካልተጻፈ ቧንቧው ይሄዳል። ቃለ ጉባኤ ይጻፍ ብል፣ ለምን አስፈለገ ይሉኛል። ቄስ ወልደ ሰንበትን ለብቻቸው ጠርቼ ነገርኳቸው። መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። የሚሉኝን ገመትኩ፤ ዕርቅ ከተገኘ ዝም በል የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

«ግባና ንገራቸው» አሉኝ።

«ቢጣሉስ አባታችን?»

«ቢጣሉ እውነቱን አውቀው ይጣሉ። እኔ በሐሰት የታረቀ ሰው አላቆርብም።»

ገባሁ። ዝም አስባሉልኝ። ሰይፉ ያጠፋው ነገር እንደሌለ፣ ቃሉ ሁለት መልክ እንዳለው፣ ደብዳቤው ግን የሚለው «አልተስማሙም፣ ለሁለት ተከፍለዋል» መሆኑን ነገርኳቸው። እስከ የካቲት መጨረሻ የሚለውንም አነበብኩላቸው። እልል ያሉት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አቶ ዘውዴ ከዘራቸውን አነሡ፤ ሳይተክሉት አየር ላይ ቀረ።

«እንግዲያ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ታች ሰፈር ለባለሙያው ላይ ይሁን አላለም?»

«አላልንም» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «እናንተስ ታች ይሁን አላላችሁም?»

«አላልንም።»

ሰዉ ሳይታወቀው ወደ ሁለት መሳብ ጀመረ፤ ላይ ሰፈር ወደ በሩ፣ ታች ሰፈር ወደ ምሰሶው። ዓይኔ እያየ መሀሉ ባዶ ቀረ። የጋዜጣው ፖላራይዝ ምን እንደሚመስል ያኔ ነው በዓይኔ ያየሁት፤ ከዚያ በፊት ቃሉን ነበር የማውቀው። ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ማን ቀድሞ ቃሉን እንደሚያጥፍ።

ወይዘሮ አስካለ ቀድመው ተናገሩ። እንደ ልማዳቸው ግን አልጮኹም።

«እኔ የሌለ ነገር ሰምቼ ነው ያልኩት፤ እውነት ነው» አሉ። «ግን ላይ ይሁን ስል ትከሻዬ ቀለለኝ። ዓመት ሙሉ የልጄን ልጅ ከመልእክት ጋር ስትመላለስ ነው የማያት። እንደገና ልሸከመው ነው? እኔ አልችልም። ያልኩት ይሁን።»

አቶ ዘውዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርስዎ ቃልዎን ካላጠፉ እኔማ ወንድ ሆኜ ላጥፍ ነው? ታች ይሁን ብያለሁ፤ ታች ይሁን።»

«ላይ!»

«ታች!»

ተመልሰን እዚያው። ሰዉ መሣቅ ጀመረ፤ እኔ ግን ጭንቀቴ አልለቀቀኝም፤ ሁለት ቦታ ላይ «እናንተ ጋ ይሁን» የሚል ቃለ ጉባኤ አይጻፍማ! ይኸኔ ነው ብርቄ ልጇን ለጎረቤቷ አቀብላ ወደ መሀል የገባችው። ብርቄ በስብሰባ ተናግራ አታውቅም።

«አባባ፣ እማዬ፣ አንዴ ስሙኝ» አለች። «ዛሬ ደስ ብሏችሁ ትሰጣጣላችሁ። ላይ ቢሆን ነገ እማዬ ‹እኛ ሰጥተናቸው› ትላለች። ታች ቢሆን አባባ ‹እኛ ለቀንላቸው› ይላሉ። ያቺን ነገር ይዤ የምመላለሰው ደግሞ እኔ ነኝ። እኛ ደጅ ይሁን።»

የብርቄና የባሏ ጎጆ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ነው፤ ሁሉም ሰው በየቀኑ በደጇ ያልፋል። ባለሙያው በካርታው ላይ ሁለት ቀይ ነጥብ እንዳደረገው፣ እኛም ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ሁለት ነጥብ ተከራከርን እንጂ ሦስተኛ ነጥብ ይኖራል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ የተማርኩትን እኔን ጨምሮ።

«ደጅሽ ጭቃ ይሆናል እኮ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«ጭቃ ይታጠባል።»

«ውሃው ግን ከምንጩ በታች ያለውን ጉብታ አልፎ እሷ ደጅ ይደርሳል?» አለ ከኋላ አንድ ሰው። ያን ጊዜ ሰይፉ ተነሣ። ፊቱ በጥፋተኝነት ቀልቶ ነበር፤ የሚሠራው ነገር በማግኘቱ ግን ዓይኑ በራ። ከመንደሩ ግንበኛ ውሃ ልክ የሚሉትን ነጭ ቱቦ ተዋሰ። ከምንጩ እስከ ጉብታው፣ ከጉብታው እስከ ብርቄ ደጅ፣ እሱ አንዱን ጫፍ ግንበኛው ሌላውን ይዘው እየለኩ ወረዱ። ግማሹ መንደር ተከትሏቸዋል። በየምዕራፉ ቆሞ ውሃ ለምን ሁልጊዜ ልኩን እንደሚፈልግ ያብራራል፤ የሰማው ግንበኛው ብቻ ነው፣ እሱም ቱቦውን ይዞ ስለነበር መሸሽ አልቻለም። መጨረሻ ላይ ሁለት ሹራቡን አውልቆ፣ እስከ ጉልበቱ አፈር ለብሶ፣ «ያልፋል!» አለ። እልልታው ሁለተኛ ጊዜ ወጣ። በዚህኛው ጊዜ የተረጎመው ሰው አልነበረም።

ቃለ ጉባኤውን እዚያው ብርቄ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጻፍን። አቶ ዘውዴ ፈረሙ፣ ወይዘሮ አስካለ ፈረሙ፣ ቄሱ ማኅተም መቱ። ከዚያ አቶ ዘውዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ወደ ማንም ሳያዩ፣ «እኛ ቤት ምሳ አለ» አሉ። ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አጣፉ። እንደ ክርስትናው ዕለት ቁልቁል የሚወርዱ መሰለን። አጣፍተው ግን ዳገቱን ሽቅብ ጀመሩ፤ የልጅ ልጃቸውን ከጎረቤቷ ክንድ ላይ ነጥቀው እየሄዱ።

ማታ ሚኒባስ ውስጥ ሰይፉ ሹራቦቹን መልሶ ደረበ። ደብረ ብርሃን ልንገባ ስንል፣ «አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም አትናገር» አለኝ።

«ምን?»

«ፊዚክስም ውስጥ አንድ ሌላ አለ። ኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ። እዚያ ፖላራይዝ ማለት ፖዘቲቩ ወደ አንድ ጫፍ፣ ኔጋቲቩ ወደ ሌላው ጫፍ ሲሳብ ነው። ያው አንተ እንዳልከው።»

«ታዲያ ለምን በብርሃኑ ተረጎምከው?»

አሰበ። «ሰዎቹ ሁለት ቦታ ተከፋፍለው ተቀምጠው፣ ሁሉም አፌን ያያሉ። የኤሌክትሪኩ ትዝ አላለኝም። ትዝ ቢለኝስ እንዴት ብዬ ነው የምለው?»

ይህን ጥያቄ አስተማሪ ሁሉ ይጠየቀዋል፤ እናንተም ቤት ሳይኖር አይቀርም። ለድርጅቱ የመልስ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ግን ያን ቃል በሩቁ ሸሸነው። «ተስማምተዋል» ብለን ብቻ ጻፍን፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሚያውቀውን እንግሊዝኛ። ቧንቧው በመጋቢት መጣ፣ ቦኖው ግንቦት ላይ ውሃ አፈሰሰ።

በሰኔ መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም ተጠርተን ወረድን። ምስጋና ነው ብሎ ሰይፉ አዲስ ሹራብ ገዝቷል። ብርቄ ደጅ ስንደርስ አቶ ዘውዴና ወይዘሮ አስካለ ቦኖው አጠገብ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሕፃኗ በመካከላቸው እግሯን ውሃ ውስጥ ታንቦጫርቃለች።

«መጣችሁ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «እስቲ ይህን ዳገት እዩት። ከታች እዚህ ድረስ ስወጣ ጉልበቴ አለቀ። እዚህ መሀል ገደል ላይ ነው ቦኖ የሚተከለው?»

«የእኛስ?» አሉ አቶ ዘውዴ። «የቤቴ ሰው ጀሪካን ተሸክማ ከዚህ ወደ ላይ ስትወጣ ወገቧ ተቆረጠ። ያለቦታው ነው የተቀመጠው።»

«ያለቦታው ነው!» አሉ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች፤ የላይኞቹም የታችኞቹም። አንድም ሰው የተለየ ሐሳብ አልነበረውም።

«ለመሆኑ ማን ነው እዚህ ያስደረገው?» አልኩ፣ የብርቄን ስም እንዳያነሡ እየሰጋሁ።

አማቾቹ ተያዩ። «ደብረ ብርሃኖች ናቸዋ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፣ «ያ ቱቦ የያዘውና ያ ደብዳቤ ያነበበው።»

ሰይፉ ሊያብራራ አፉን ሲከፍት፣ እግሩን ረገጥኩት።